የፒካቹ ስም በሆንግ ኮንግ

ግንቦት 22 ቀን 2008 ዓ.ም. ሆንግ ኮንግ በሚገኘው የጃፓን ቆንስላ ጽሕፈት ቤት ደጃፍ ሰልፈኞች ተሰበሰቡ። የወጡት ለፒካቹ ስም ነው፤ ለዚያ ጉንጮቹ ቀይ ለሆኑት ቢጫ የፖኬሞን ገጸ ባሕርይ።

የጃፓኑ የጌም ኩባንያ ኒንቴንዶ «ፖኬሞን ሰን» እና «ፖኬሞን ሙን» የተባሉትን ጌሞች በቻይንኛ ሊያወጣ ሲዘጋጅ፣ በየአካባቢው ይለያዩ የነበሩትን ስሞች አንድ ለማድረግ ወሰነ። ችግሩ የተፈጠረው እዚህ ላይ ነው። የሆንግ ኮንግ ልጆች ፒካቹን «ቤይ-ካ-ቺዩ» እያሉ ነው ያደጉት። አዲሱ አጻጻፍ ማንዳሪን በተባለው የቻይንኛ ዓይነት ሲነበብ «ፒካቹ» ከሚለው ጋር ይቀራረባል፤ በሌላው የቻይንኛ ዓይነት፣ በካንቶኒዝ፣ ሲነበብ ግን «ፔይ-ካ-ያው» ይሆናል። ለሰሚው ጭራሽ ሌላ ስም ነው።

«ለልጆች ጨዋታ ይህን ያህል ቁጣ?» የሚል አይጠፋም። ግን የብዙኃኑ የከተማዋ ነዋሪ አፍ መፍቻ ካንቶኒዝ ነው፤ ማንዳሪን ቀስ በቀስ ቦታውን እየወሰደበት ነው የሚል ስጋትም ከሰልፉ በፊት የነበረ ነው። የፒካቹ አዲስ ስም ይህንኑ ቁስል ነካ።

ሰልፈኞቹ ልጅ እያሉ የወደዱት ስም ሲለወጥ መቆጣታቸው ተገቢ ነበር። ኩባንያው ግን ሐሳቡን አልቀየረም፤ ጌሞቹ ኅዳር 9 ቀን 2009 ዓ.ም. በአዲሶቹ ስሞች ለገበያ ቀረቡ።