ለሥራ አመራር ሰልጣኝነት ቃለ መጠይቅ ሲቀርቡ ምን ይጠበቃል?

(በዩኒየናችን የምሥረታ በዓል ላይ ከሰው ኃይል አስተዳደር ክፍል የቀረበ ንግግር)





ዛሬ የማነሣው ብዙዎቻችሁ ባገኛችሁኝ ቁጥር የምትጠይቁኝን ጉዳይ ነው። ልጆቻችሁ ተመርቀው የሥራ አመራር ሰልጣኝ ማስታወቂያ ሲወጣ ይመዘገባሉ። የጽሑፍ ፈተናውን ያልፉና ቃለ መጠይቁ ላይ ሲደርሱ ይደናገጣሉ። "ለመሆኑ ምን ይጠየቃል?" ትሉኛላችሁ።

አንደኛ፣ ስለ ኅብረት ሥራ ምንነት ይጠየቃል። ብዙ አመልካቾች ሰባቱን መርሆዎች ሸምድደው ይመጣሉ። ማወቃቸው መልካም ነው፤ የሚፈለገው ግን ትርጉማቸው ነው። በአክሲዮን ማኅበር ብዙ አክሲዮን ያለው ብዙ ድምፅ አለው። በመሠረታዊ ማኅበር ግን ዕጣው ቢበዛም ቢያንስም አንድ አባል ያለው አንድ ድምፅ ነው። ይህን ያልተረዳ ሰልጣኝ ነገ አርሶ አደሩን እንደ ባለቤት ሳይሆን እንደ ባለጉዳይ ያየዋል።

ሁለተኛ፣ ከዕለት ሥራችን የተወሰደ ችግር ይቀርባል። ለምሳሌ፦ "200 ኩንታል ስንዴ መጋዘን ገባ። ከወራት በኋላ ሲመዘን 196 ኩንታል ሆነ። ምን ታደርጋለህ?" "መጋዘን ጠባቂውን አባርራለሁ" የሚል አይጠፋም። ይህ ችኮላ ነው። እህል ሲደርቅ ክብደቱ ይቀንሳል። በ15 በመቶ እርጥበት የገባ 200 ኩንታል እስከ 13 በመቶ ቢደርቅ፣ አንድ ፍሬ ሳይሰረቅ ወደ 195 ኩንታል ከ40 ኪሎ ይወርዳል። ሲገባ እርጥበቱ 13 በመቶ ተብሎ ተመዝግቦ ከነበረ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ስለዚህ ጥሩ መልስ የሚጀምረው በጥያቄ ነው፦ ሲገባ እርጥበቱ ስንት ነበር? ሚዛኑ ተፈትሿል? የጆንያው ክብደት ተቀንሷል? ደረሰኙ ላይ የፈረመው ማን ነው?

ሦስተኛ፣ ቅንነት ይታያል። "ይህን አላውቅም፤ ግን እንዲህ አድርጌ አጣራለሁ" ማለት አያሳፍርም። ያላወቁትን እንዳወቁ መስሎ መመለስ ግን ነጥብ ያስቀንሳል።

አራተኛ፣ አመልካቹም ይጠይቅ። ሥልጠናው ስንት ወር ነው? በየትኞቹ ክፍሎች ያልፋል? ደመወዙ ስንት ነው? ሲጨርስ ቋሚ ይሆናል? የአገልግሎት ግዴታ አለበት? የሙከራ ጊዜ ካለም በጽሑፍ መሆን እንዳለበትና በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ከ60 የሥራ ቀናት መብለጥ እንደሌለበት ይወቅ።

በመጨረሻ ራሴ ያጠፋሁትን ልናገር። ከዓመታት በፊት፣ እዚህ ከመምጣቴ በፊት፣ በሌላ ቦታ ፈታኝ ሆኜ ተቀምጬ ነበር። በቃለ መጠይቁ ዋዜማ አንድ ወዳጄ "ልጄን አደራ" አለኝ። እኔም ይሉኝታ ያዘኝና ለልጁ የማይገባውን ነጥብ ሰጠሁት። በዓመቱ ልጁ የግዢ ሥራ ተሰጠው። ሳይመዝን በግምት እየፈረመ ሲረከብ ጉድለቱ በአባላቱ ላይ ወደቀ። ከአባላቱ አንዱ ያው ወዳጄ ነበር። አደራውን የበላሁት እምቢ ብዬ ሳይሆን እሺ ብዬ ነው።

ስለዚህ ወላጆች፣ ኃላፊዎች፣ አደራ የምላችሁ እኔ ነኝ። ስልክ አትደውሉልን፤ ማስታወሻም አትላኩልን። ይልቅ ልጆቻችሁን በመኸር ወቅት ወደ ማኅበራችሁ መጋዘን ላኳቸው። ሚዛን ሲነበብ፣ ደረሰኝ ሲጻፍ፣ ማዳበሪያ ሲከፋፈል ይዩ። ከዚያ የተሻለ የቃለ መጠይቅ ዝግጅት የለም። የዘመድ ፈታኝ ሲኖርም ከወንበሩ ይነሣ።

የምንቀጥረው ሰልጣኝ ነገ የእናንተን ላብ የሚመዝን ነውና።