ፊዚክስ የተማረ ልጅ ወዴት ይደርሳል?

(በዲመካ በዕድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዕድራችን የቆመው በሐዘን ቀን እንድንደጋገፍ ነው። ይሁን እንጂ የልጆቻችን ነገር የሁላችን ጉዳይ ስለሆነ ጥቂት እንድናገር ፈቃዳችሁ ይሁን። «ልጄ ፊዚክስ ደረሰው፤ በቃ፣ አለቀለት» የሚል ወላጅ በመካከላችን አይጠፋም። የደረሰው ከአዲስ ወይም ከትንሽ ዩኒቨርሲቲ ከሆነ ደግሞ ሐዘኑ ይብሳል። እኔ ግን አላለቀለትም እላለሁ።

እርግጥ ነው፣ አዲስ ተቋም በቤተ ሙከራም በመጽሐፍም ከቆየው ጋር እኩል አይሆንም። ግን ክፍሉ ትንሽ ሲሆን መምህሩ ልጁን በስሙ ያውቀዋል። ለሁለተኛ ዲግሪ ሲያመለክት ደግሞ መምህሩ የሚጽፍለት የድጋፍ ደብዳቤ ትልቅ ዋጋ አለው። ይህ ነገር በውጭም የታየ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት ከተካፈሉት አንዱ አሜሪካዊው ጆን ማዘር፣ የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን ያገኙት ስዋርትሞር ከሚባል ትንሽ ኮሌጅ ነበር። ዶክትሬታቸውን የሠሩት ከዚያ በኋላ በርክሌይ ገብተው ነው።

በእኛም አገር ዶክተር ሙሉጌታ በቀለ አሉ። በደርግ ዘመን ለዓመታት ታስረው ሳለ እስረኞችን ፊዚክስ ያስተምሩ ነበር። ዶክትሬታቸውን የሠሩት ከእስር ከወጡ በኋላ ሕንድ አገር፣ ባንጋሎር ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 ከአሜሪካ የፊዚክስ ማኅበር የሳካሮቭን ሽልማት ተቀብለዋል። ዘገየ ማለት ቀረ ማለት አይደለም።

ታዲያ በሮቹ የት ናቸው? በአገር ውስጥ አርባ ምንጭ አለ፤ አዲስ አበባም አለ። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ተመራቂው የመውጫ ፈተና ያልፋል፤ ለሁለተኛ ዲግሪ ደግሞ የመግቢያ ብሔራዊ ፈተና ይቀመጣል። በውጭ፣ ጣሊያን አገር ትሪየስት ላይ እ.ኤ.አ. በ1964 የተቋቋመው የቲዎሬቲካል ፊዚክስ ማዕከል ከታዳጊ አገሮች ለሚመጡ ተማሪዎች ወጪያቸውን ችሎ የአንድ ዓመት ዲፕሎማ ያስተምራል። እ.ኤ.አ. በ2003 በደቡብ አፍሪካ የተጀመረው የአፍሪካ የሒሳብ ሳይንስ ተቋምም እንዲሁ በነፃ የማስተርስ ትምህርት ይሰጣል። በአሜሪካም የፊዚክስ ዶክትሬት ተማሪ አብዛኛውን ጊዜ እያስተማረ ወይም በምርምር እየረዳ ደመወዝ ያገኛል፤ የትምህርት ክፍያውም ይቻልለታል። ስለዚህ «ገንዘብ የለንም» ብሎ ሳይሞክሩ መቅረት አይገባም።

ከልጁ የሚጠበቀው ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ ውጤቱን መጠበቅ፣ ሒሳቡን ማጠንከር፣ የኮምፒዩተር ፕሮግራም መጻፍ መልመድና እንግሊዝኛውን ማሻሻል ነው። ከወላጅ የሚጠበቀውም ቀላል አይደለም። የልጁ ስም በልደት ካርዱ፣ በውጤት ማስረጃውና በፓስፖርቱ ላይ በፊደል ሳይለያይ መጻፉን አስቀድማችሁ አረጋግጡ። በአንዲት ፊደል ልዩነት የሚጉላላ ልጅ ብዙ ነው። የወጪ መጋራት ነገርም ሳይዘነጋ አስቀድሞ ይጠየቅ፤ ዕዳው ሳይጠናቀቅ ማስረጃ ማውጣት ያስቸግራልና። ደግሞም ልጁ ተመርቆ ሲመጣ «ቶሎ ሥራ ያዝና ታናናሾችህን አስተምር» ብለን አናጣድፈው። ሥራ ቢይዝም ማመልከቱን እንዳይተው እናበረታታው። መምህር ሆኖ እያስተማረ ማመልከት ይቻላል።

በመጨረሻ አንድ ሐሳብ ላቅርብ። የቀብር ገንዘባችን በደንቡ መሠረት ለቀብር ብቻ ይቆይ፤ እርሱን አንነካም። ነገር ግን ለፈተና የሚሄድ ልጅ የመኪና መሳፈሪያና የማደሪያ እንዳያጣ በፈቃደኝነት የሚዋጣ ትንሽ ገንዘብ ለብቻው ብናስቀምጥስ? ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። ጉባኤው እንዲመክርበት በአክብሮት አሳስባለሁ።