ስለ አራስ ሴት ደም መርጋትና ፈቃድዋን ስለ መጠየቅ የተነገረ



ሴት በፀነሰች ጊዜ ደምዋ ከወትሮው ይልቅ ለመርጋት የተዘጋጀ ይሆናል። ይህም በምትወልድበት ሰዓት ብዙ ደም ፈስሷት እንዳትሞት የተፈጥሮ ጥበቃ ነው። ነገር ግን ጠባቂው አንዳንድ ጊዜ ጠላት ይሆናል፤ ደሙ በእግር የደም ሥር ውስጥ ይረጋና፥ ከዚያ ተነቅሎ ወደ ሳንባ ሲሄድ ትንፋሽን ያሳጣል፤ ለሞትም ያደርሳል። አደጋው የሚበረታው ከወለደች በኋላ ባሉት 6 ሳምንታት ነው።

በኤውሮጳ የቀድሞ ሰዎች የአራስ እግር ሲያብጥ የጡት ወተት ወደ እግርዋ ወርዶ ነው ይሉ ነበር፤ አራስንም ብዙ ቀን በአልጋ ያስተኙ ነበር። በኋላ ግን ያለ እንቅስቃሴ መተኛት ራሱ ደምን እንደሚያረጋ ታወቀ። በኢትዮጵያም አራስን ማሳረፍ መልካም ልማድ ነው፤ ማሳረፍ ግን ከአልጋ እንዳትነሣ መከልከል አይደለም። «ወላድ በድባብ ትሂድ» ተባለ እንጂ ተኝታ ትክረም አልተባለም። ስለዚህ ጤናዋ የፈቀደላት አራስ በቶሎ ተነሥታ በቤትዋ ትመላለስ፤ ውኃም አዘውትራ ትጠጣ።

በቀዶ ጥገና ለወለደች ወይም ቀድሞ ደም ለረጋባት ሴት ግን ይህ ብቻ ላይበቃ ይችላል። ለእንዲህ ያለችው ሐኪም ሄፓሪን የተባለውን መድኃኒት በየዕለቱ በቆዳ ሥር የሚወጋ መርፌ አድርጎ ያዝላታል። በእንግሊዝ አገር እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር በ2015 የወጣው የሐኪሞች መመሪያ እንደ አደጋው መጠን ቢያንስ 10 ቀን ወይም 6 ሳምንት እንዲወሰድ ያዛል።

መርፌው የሚገባው በሴቲቱ ገላ ነውና ያለ ፈቃድዋ ምንም ሊወሰን አይገባም። አንዲቱ ስለ ልጅዋ ብላ ሁሉን ትታገሣለች፤ ሁለተኛይቱ መርፌ ትፈራለች፤ ሦስተኛይቱ ለወተትዋ ትሠጋለች። ለዚህችስ መድኃኒቱ ወደ ወተት የሚያልፈው እጅግ ጥቂት እንደ ሆነ፥ ማጥባትንም እንደማይከለክል ቢነግሯት ልብዋ ያርፋል። ደግሞ ሄፓሪን የሚሠራው ከእሪያ አንጀት ነው፤ በሃይማኖትዋ እሪያን የምትጸየፍ ሴት ይህን አስቀድማ ልትሰማ ይገባታል። ከእንስሳ ያልተሠራ ሌላ መድኃኒት አለና፥ ይስማማት እንደ ሆነ ከሐኪሙ ጋር ትመካከር። ሳይነግሯት ቀርተው ከጎረቤት ብትሰማ መድኃኒቱን በስውር ትጥለዋለች፤ ሐኪሙ ዳነች ሲል አደጋው ከእርስዋ ጋር ይቀራል።

ስለዚህ ባልም አማትም ስለ እርስዋ መልስ አይስጡ፤ «አንቺስ ምን ትመርጫለሽ?» ብለው ይጠይቋት። አንድ እግርዋ አብጦ ቢያማት፥ ደረትዋን ቢወጋት፥ ትንፋሽ ቢያጥራት ወይም ደም ብታስል ግን ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ሐኪም ቤት ያድርሷት። ተማሪዎችም ይህን ቃል ለእናቶቻችሁና ለእኅቶቻችሁ አንብቡላቸው።