ከማጣሪያው ወዲያ፤ የመድኃኒት ቅሪት በወንዝ ውስጥ

(ለማኅበሩ አባሎች የተደረገ ንግግር)



እ.ኤ.አ. በ1925 ስትሪተርና ፌልፕስ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን በኦሃዮ ወንዝ ላይ ያደረጉትን ጥናት መሠረት በማድረግ አንድ ቀመር አበረከቱ። ቀመሩ ፍሳሽ የገባበት ወንዝ ኦክሲጅኑ በመጀመሪያ እንዴት እንደሚጎድልና ወደ ታች በወረደ መጠን እንዴት እንደሚያገግም በስሌት የሚያሳይ ነበር። ከዚያ ወዲህ የማጣሪያ ጣቢያ የሚነድፍ መሐንዲስ የቀረውን ሥራ ለወንዙ መተው ልማድ ሆነለት። ወንዝ ራሱን ያጠራል የሚለው እምነት ለምግብ ትርፍራፊና ለዓይነ ምድር በአብዛኛው እውነት ነው። ለመድኃኒት ቅሪት ግን በከፊል ብቻ ይሠራል። የዚህ ንግግር ዓላማም እምነቱ የት ድረስ እንደሚያስኬድና የት ላይ እንደሚያቆም ማመልከት ነው።

ሰው የዋጠው መድኃኒት ሁሉ በሰውነቱ ውስጥ አይፈርስም። ከፊሉ እንዳለ ይወጣል፤ ከፊሉም ጉበት ሌላ ንጥረ ነገር ለጥፎበት ከሽንት ጋር ይወገዳል። ወደ ማጣሪያ ጣቢያ ሲደርስ የየመድኃኒቱ ዕድል ይለያያል። አይቡፕሮፌን የተባለውን የሕመም ማስታገሻ በጣቢያው ያሉ ተሕዋስያን በቀላሉ ይበሉታል። ለሚጥል በሽታ የሚሰጠው ካርባማዜፒን ግን ከሞላ ጎደል እንደ ገባ ይወጣል።

ከጣቢያው ወጥቶ ወንዝ የገባው ቅሪት መጠኑ የሚቀንሰው በሦስት መንገድ ነው። አንደኛው በሌላ ውሃ መቅጠን፣ ሁለተኛው በዝቃጭ ላይ ተጣብቆ መቅረት፣ ሦስተኛው በእርግጥ መፍረስ ነው። ከሦስቱ መድኃኒቱን የሚያጠፋው የመጨረሻው ብቻ መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም።

መፍረስን የሚያከናውኑት በተለይ የፀሐይ ጨረርና ተሕዋስያን ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1998 ይፋ በሆነ ጥናት፣ ስዊስ አገር ባለው ግራይፈንዜ ሐይቅ ውስጥ ከገባው ዲክሎፌናክ ከ90 በመቶ የሚበልጠው በዚያው ሲወገድ፣ ዋናው ሠራተኛ የፀሐይ ብርሃን ሆኖ ተገኝቷል። ይሁን እንጂ ብርሃን የሚሠራው ጥልቀቱ ባነሰና በጠራ ውሃ ነው፤ በደፈረሰ ወንዝ ውስጥ ከላይኛው ስስ ንጣፍ እምብዛም አያልፍም። ተሕዋስያንም በብዛት የሚኖሩት በወንዙ አልጋ፣ በጠጠርና በድንጋይ ላይ በተለጠፈው አተላ ስለሆነ፣ ውሃው ከአልጋው ጋር በደንብ መገናኘት አለበት።

አንዳንዱ ቅሪት የጠፋ መስሎ ተመልሶ ይመጣል። ጉበት ሰልፋሜቶክሳዞል በተባለው ፀረ ባክቴሪያ ላይ የለጠፈውን ነገር ተሕዋስያን ሲያላቅቁት፣ መድኃኒቱ ወደ ቀድሞ መልኩ ይመለሳል። ከዚህም የተነሣ ከጣቢያ የወጣው መጠን ከገባው በልጦ የተለካበት ጊዜ አለ።

የቅሪቱ ማነስ ሊያዘናጋ አይገባም። እ.ኤ.አ. ከ2001 እስከ 2003 ካናዳ ውስጥ ለምርምር በተከለለ ሐይቅ ላይ፣ በእርግዝና መከላከያ እንክብል ውስጥ የሚገኘው ሆርሞን በሊትር 5 እና 6 ናኖግራም ያህል እንዲሆን ተደርጎ ተጨመረ። በዚያ ይኖር የነበረው የትንንሽ ዓሣ ዘርም ለመጥፋት ተቃረበ።

የአዲስ አበባ ወንዞች ከዚህ ጉዳይ ውጭ አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ ጥናት በ104 አገሮች 258 ወንዞችን መርምሮ፣ የመድኃኒት ቅሪት አማካይ ድምር ከፍተኛ ሆኖ ከተገኘባቸው ከተሞች ከላሆርና ከላፓዝ ቀጥሎ አዲስ አበባን በሊትር 51.3 ማይክሮግራም መዝግቧል። ወደ ወንዞቹ ያልተጣራ ፍሳሽም ይገባል፤ በአቃቂ ዳርቻ ደግሞ በዚያው ውሃ አትክልት ይለማል።

ቀላል ስሌት ይጨመርበት። በሴኮንድ ግማሽ ሜትር የሚሄድ ውሃ በቀን 43 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። በአንድ ቀን ግማሹ የሚፈርስ ቅሪት በዚህ ርቀት እኩሌታው ይጠፋል። በመቶ ቀን ግማሹ የሚፈርሰው ግን 4,300 ኪሎ ሜትር ያህል ያስፈልገዋል። አቃቂ የሚገባበት አዋሽ ርዝመቱ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ ባሕር ሳይደርስ በአቤ ሐይቅ ያበቃል። አባ ሳሙኤልና ቆቃ ውሃውን አግደው ለመፍረስ ጊዜ እንደሚሰጡት እርግጥ ነው፤ ነገር ግን የውሃው ድፍርስነትና እንቦጩ የፀሐዩን ሥራ ያሰናክላሉ።

ታዲያ መሐንዲሱ ምን ያድርግ? በቅድሚያ መለካት፤ ሲለካም መቅጠንን ከመፍረስ መለየት አለበት። ለዚህ በቀላሉ የማይፈርሰው ካርባማዜፒን እንደ ምስክር ያገለግላል። ከላይና ከታች በተወሰደ ናሙና ካርባማዜፒን በግማሽ ቢቀንስ፣ ያ በአመዛኙ መቅጠን ነው። በዚያው ርቀት አይቡፕሮፌን ወደ አንድ አሥረኛ ቢወርድ፣ ወንዙ ራሱ የሠራው የአምስት እጥፍ ቅነሳ ነው ማለት ይቻላል።

ሁለተኛ፣ ጊዜው ያለፈበት መድኃኒት ከሆስፒታልና ከመድኃኒት ቤት ለብቻው ተሰብስቦ እንዲወገድ ማድረግ ከማናቸውም ማጣሪያ የረከሰ ዘዴ ነው። ሦስተኛ፣ አዲስ ጣቢያ ሲነደፍ ለኦዞን ወይም ለከሰል ማጣሪያ የሚሆን ቦታ ቢተው ይበጃል። ስዊስ እ.ኤ.አ. በ2016 በሥራ ላይ ባዋለችው ሕግ መሠረት፣ የተመረጡ ጣቢያዎች እንዲህ ያለውን ቅሪት በ80 በመቶ እንዲቀንሱ አስገድዳለች። ይህን ዛሬውኑ ለመሥራት አቅም ባይፈቅድም፣ ቦታውን መተው ብዙ ወጪ አይጠይቅም።

በንድፍ ወረቀት ላይ ‹‹የቀረውን ወንዙ ያጠራዋል›› ብሎ የሚፈርም መሐንዲስ፣ ከወንዙ በታች ውሃ የሚቀዳ ሰው እንዳለ አስቦ ይፈርም።