ሽማግሌም ይሮጣል
(በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ ለአባላት የተደረገ ንግግር)



እድራችን ሰው ሲሞት ጡሩምባ ያስነፋል፣ ድንኳን ይተክላል፣ ያስተዛዝናል። ይህ ትልቅ ሥራ ነው። ነገር ግን አባሉ በሕይወት ሳለ እግሩ እንዳይተሳሰር መመካከርም ከእድር ሥራ የሚወጣ አይመስለንም። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት በሶምሶማ የምንገናኝ እኛ ጥቂት ጡረተኞች፣ ስለ ሩጫና ስለ እርጅና እንድንናገር ስለተፈቀደልን እናመሰግናለን።

በሰፈር ስንሮጥ «እነዚህን ሽማግሎች ማን አባረራቸው?» እየተባለ ይሳቃል። ይሳቅ፤ ሳቅ እግር አይሰብርም። የሚከብደው ሌላ ነው። ይኸውም ዓምና በቀላሉ የወጣነው ዳገት ዘንድሮ ቁና ቁና ሲያስተነፍሰን፣ «እንግዲህ በቃን፣ ጋቢያችንን ለብሰን እንቀመጥ» የሚለው ሐሳብ ነው። ብዙ ሰው የሚቀረው ጉልበቱ አልቆ ሳይሆን በዚህ ሐሳብ ተሸንፎ ነው።

እውነቱን እንነጋገር። ዕድሜ ሲገፋ ፍጥነት ይቀንሳል። ልብ በደቂቃ ሊመታ የሚችለው ከፍተኛው ምት በዓመት አንድ ያህል ይወርዳል። ጡንቻ ይሳሳል፣ ድካምም ቶሎ አይለቅም። ይሁን እንጂ ተቀምጦ የሚውለው ሰው ከሚንቀሳቀሰው ይልቅ ፈጥኖ ይወርዳል። በእጃችን ያለው ይኸው ልዩነት ነው።

ሻምበል ማሞ ወልዴን እናስታውስ። እ.ኤ.አ. በ1968 በሜክሲኮ አበበ ቢቂላ በእግሩ ሕመም ሲያቋርጥ፣ ማራቶኑን አሸንፎ ወርቅ ያመጣው ማሞ 36 ዓመቱ ነበር። ከአራት ዓመት በኋላ በሙኒክ በ40 ዓመቱ ነሐስ አገኘ። ቀነኒሳ በቀለም እ.ኤ.አ. በ2024 በለንደን ማራቶን በ41 ዓመቱ በ2 ሰዓት ከ4 ደቂቃ ከ15 ሰከንድ ሁለተኛ ወጥቷል።

«እነሱማ ጀግኖች ናቸው» ትሉ ይሆናል። እንግዲያው ኤድ ዊትሎክ የሚባለውን የካናዳ ጡረተኛ መሐንዲስ እንይ። ይህ ሰው እ.ኤ.አ. በ2004 በ73 ዓመቱ በቶሮንቶ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ54 ደቂቃ ከ48 ሰከንድ ጨረሰ። በ2016 ደግሞ በ85 ዓመቱ አራት ሰዓት ሳይሞላ ገባ። ታዲያ የት ይለማመድ የነበረ ይመስላችኋል? ቤቱ አጠገብ ባለው መካነ መቃብር ውስጥ ነው! እስከ ሦስት ሰዓት ድረስ በዝግታ ይዞረው ነበር። በ2017 ዐረፈ። ለእኛ ለእድርተኞች ይህ የሚነግረን ነገር አለው፤ ወደ መቃብር መሄድ ላይቀር፣ በእግር እየሮጡ ደጋግሞ ገብቶ መውጣትም ይቻላል ማለት ነው።

አሁን ወደ ሥራው እንምጣ።

አንደኛ፣ ሁልጊዜ በሶምሶማ ብቻ የሚሮጥ ሰው የሚቀረው ሶምሶማ ብቻ ነው። በሳምንት አንድ ቀን፣ ሰውነትን በደንብ ካሟሟቁ በኋላ፣ መጠነኛ ዳገት ላይ ለ20 ሰከንድ ያህል ፈጠን ብሎ መውጣት፣ በእርምጃ መውረድ፤ ከአራት ጀምሮ ቀስ በቀስ ወደ ስምንት ጊዜ ማድረስ።

ሁለተኛ፣ ከከባድ ቀን በኋላ ሁለት ቀላል ቀን ይኑር። ወጣት በማግስቱ ይነሣል፤ እኛ ግን ዕረፍትን እንደ ስንፍና አንቁጠረው፣ የልምምዱ ክፍል ነው።

ሦስተኛ፣ ጡንቻን መንከባከብ። እጅን ሳያስደግፉ ከወንበር መነሣትና መቀመጥ፣ ደረጃ ላይ ቆሞ በእግር ጣት ከፍ ዝቅ ማለት ገንዘብ አይጠይቅም። ሽሮው፣ ምስሩ፣ ሲፈቀድም እንቁላሉ አይጉደል።

አራተኛ፣ ከመጀመር በፊት ደም ብዛትንና ልብን መመርመር። ደረት ሲጨንቅ፣ ሕመም ወደ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ ሲሄድ፣ ወይም ሲያዞር ወዲያው ቆሞ ወደ ሐኪም መሄድ ነው። «ያልፍልኛል» ማለት ጀግንነት አይደለም።

ስለ ሞራል ደግሞ፣ በቢሮ ሳለን ገቢና ወጪ እንደምንመዘግበው ሁሉ፣ የሮጥንበትን ቀንና ሰዓት በደብተር እንጽፋለን። በየአምስት ዓመቱ አዲስ ገጽ እንከፍታለን፤ በዓለም ላይም አንጋፋ ሯጮች የሚወዳደሩት በየአምስት ዓመት የዕድሜ ክልል ተከፍለው ነው። የ65 ዓመት ሰው ሒሳቡን ከ30 ዓመቱ ጋር ቢያወራርድ ሁልጊዜ ኪሳራ ነው፤ ከዓምናው ጋር ሲሆን ግን አንዳንዴ ትርፍ ይገኛል።

ከሁሉም የሚበልጠው ጓደኛ ነው። ከመካከላችን አንዱ ባለቤቱን ቀብሮ ድንኳኑ ከተነቀለ በኋላ ከቤት መውጣት ትቶ ነበር። ምክር አላበዛንበትም። በየጠዋቱ ደጁ ላይ እየቆምን «እየጠበቅንህ ነው» እንለው ነበር። ከሰነበተ በኋላ ሸራ ጫማውን አድርጎ ወጣ። በዚያን ቀን የተጓዝነው በእርምጃ ብቻ ነው፤ ዛሬ ግን ዳገቱ ላይ ቀድሞን ይወጣል።

ስለዚህ አባላት ሆይ፣ ዘወትር ቅዳሜ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ከእድሩ ቤት በር ላይ እንገናኝ። መሮጥ ያልቻለ ይራመድ፤ እናቶችም እንዳትቀሩ። ጡሩምባው እስኪነፋ ቁጭ ብለን አንጠብቅ።