ታህቱን ጠይቁ፦ የተገልጋይ መጠይቅን በውድር ስለ ማንበብ

(በሆመቾ በተካሄደው የምሩቃን መገናኛ ላይ የቀረበ ንግግር)



አዘጋጆቹ «ስለ ቁጥር ተናገር፣ ሰው ግን እንዳታስተኛ» ብለውኛል። ከምሳ በኋላ ስለሆነ ከባድ ትእዛዝ ነው፤ እሞክራለሁ።

ለባንክ ቅጥር የተፈተነ ሁሉ ይህን ዓይነቱን ጥያቄ ያውቀዋል። የደንበኞች መጠይቅ ውጤት ነው ተብሎ ሠንጠረዥ ይሰጣል፤ ሁለት ሦስት ውድር ይነገራል፤ ከዚያ «ከገጠር የመጡት ቅሬታ አቅራቢዎች ስንት ናቸው?» ይባላል። ሰዓቱ ይሮጣል። ፈተናው ሲያልቅ ብዙዎቻችን እንረሳዋለን። ግን ያ እንቆቅልሽ ስሙን ቀይሮ «የተገልጋይ እርካታ ሪፖርት» ሆኖ በየቢሮአችን ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። በእሱም በጀት ይመደባል፣ ሠራተኛ ይገመገማል።

እስቲ አንድ እንፍታ። እዚሁ ሆመቾ አንድ የቁጠባና ብድር ተቋም አለ እንበል፤ ምሳሌ ነው፣ ማንንም አላማም። 600 ደንበኞች መጠይቅ ሞልተዋል። የከተማው ለገጠሩ 2 ለ 1 ነው። ከከተማ ደንበኞች ከ10 ዘጠኙ ረክተናል ብለዋል። በጠቅላላው የረኩት ላልረኩት 11 ለ 4 ነው። ከገጠሮቹ ስንቶቹ ረኩ?

መጀመሪያ ውድሩን ወደ ሰው እንመልሰው። 2 ሲደመር 1 ሦስት ክፍል ነው፤ 600 ለ3 ሲካፈል 200። ስለዚህ ከከተማ 400፣ ከገጠር 200 ሰው አለ። ከ400ው ዘጠኝ አሥረኛው 360 ነው። ቀጥሎ 11 ሲደመር 4 አሥራ አምስት ክፍል ነው፤ 600 ለ15 ሲካፈል 40፤ 11 ጊዜ 40 ደግሞ 440። ከ440 የረኩ 360ውን የከተማ ሰዎች ስንቀንስ 80 ይቀራል። ከ200 የገጠር ሰዎች የረኩት 80 ብቻ ናቸው፣ 40 በመቶ መሆኑ ነው።

እግረ መንገዳችንን አንድ ማጣሪያ አገኘን። የመላሾቹ ብዛት ለ15 ያለ ቀሪ መካፈል አለበት። አንድ ሪፖርት «200 ሰው ጠየቅን፣ ውድሩ በትክክል 11 ለ 4 ነው» ካለ፣ ወይ የተጠጋጋ ቁጥር ነው፣ ወይ መልስ ያልሰጡ ሰዎች በዝምታ ወጥተዋል። ሐሰት ነው ለማለት አይበቃም፤ ለመጠየቅ ግን ይበቃል።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። ሪፖርቱ ምን ይላል? «የተገልጋይ እርካታ 73 በመቶ።» 440 ለ600 ሲካፈል በእርግጥም 73 ነው፤ ማንም አልዋሸም። ግን ደንበኞቹ በእውነት 2 ለ 1 ናቸው ወይ? በ1999 ዓ.ም. የሕዝብና ቤት ቆጠራ የሀዲያ ዞን ሕዝብ 1,231,196 ነበር፤ በከተማ ይኖር የነበረው 134,041፣ ማለትም 11 በመቶ ገደማ። ይህ ከተማ ለገጠር 1 ለ 8 ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ ከተሞቻችን አድገዋል፤ ዛሬም ውድሩ ያው ነው አልልም። የተቋሙ ደንበኞች እንደዚያ የዞኑ ሕዝብ ናቸው ብንል ግን ስሌቱ እንዲህ ይሆናል፦ አንድ ጊዜ 90፣ ስምንት ጊዜ 40፣ ድምሩ 410፣ ለ9 ሲካፈል 46 በመቶ ገደማ። መልሶቹ ያው፣ ሰዎቹ ያው፤ 73 የነበረው 46 ሆነ። በመጀመሪያው ቁጥር ሥራ አስኪያጁ ይሸለማል፤ በሁለተኛው ስብሰባ ይጠራል።

ለዚህ ነው ተማሪዎቼን «ላዕሉን ሁሉም ያያል፣ እናንተ ታህቱን ጠይቁ» የምላቸው። ከስንት? ከእነማን?

ይህ የተፈጠረ ምሳሌ ነው ለምትሉኝ፣ ሁላችንን የነካ እውነተኛ ቁጥር ላምጣ። በ2015 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ በአገር አቀፍ ደረጃ የተሰጠውን የመውጫ ፈተና አስታውሱ። ከመንግሥት ተቋማት ከተፈተኑት 77,981 ተማሪዎች 48,632 አለፉ፤ 62.36 በመቶ። ከግል ተቋማት ከ72,203 ያለፉት 12,422 ናቸው፤ 17.20 በመቶ። በድምሩ ከ150,184 ተፈታኞች 61,054፣ ማለትም 40.65 በመቶ አለፉ።

አሁን የተፈታኞቹን ብዛት ደብቁና ሦስቱን መቶኛዎች ብቻ ያዙ። ጠቅላላው ከግሉ በ23.45 ነጥብ ይበልጣል፤ ከመንግሥቱ በ21.71 ነጥብ ያንሳል። 23.45 ለ21.71 ሲካፈል 1.08 ነው። 77,981 ለ72,203 ሲካፈልስ? ያው 1.08! ብዛቱን ማንም ሳይነግረን የሁለቱን ወገን ውድር አገኘነው። ጠቅላላው መቶኛ ሁልጊዜ ወደ ብዙዎቹ ይሳባል፤ ርቀቱ ብዛቱን ይናገራል። ሁለት መቶኛ ደምሮ ለሁለት ማካፈል የማያዋጣውም በዚህ ነው።

ከዚህ የሚከተለው የበለጠ ያስገርማል። የተፈታኞቹ ውድር 3 ለ 1 ቢሆን ኖሮ፣ ያው 62.36 እና ያው 17.20 እያሉ፣ ጠቅላላው 51 በመቶ ይሆን ነበር። አንድ ተማሪ አንዲት ገጽ ተጨማሪ ሳያነብ «ትምህርት ተሻሻለ» ይባል ነበር።

የመጨረሻው ነጥቤ ስላልመለሱት ነው። በምሳሌያችን 1,000 መጠይቅ ተበትኖ 600 ተመለሰ እንበል። ዝም ያሉት 400ዎች ሁሉም ቅር የተሰኙ ከሆኑ የረኩት 44 በመቶ ናቸው፤ ሁሉም የረኩ ከሆኑ 84። በ44 እና በ84 መካከል ያለውን ስፋት ዝም ያሉት ሰዎች ይዘውታል።

ይህንን የማነሣው ለእኛ ለራሳችን ነው። ምሩቃን ሥራ አገኙ ወይስ አላገኙም ብለን ስንጠይቅ ቶሎ የሚመልስልን ማነው? ሆሳዕና ወይም አዲስ አበባ ቢሮ ያለው፣ ስልኩ ያልተቀየረ፣ የሚያወራው መልካም ዜና ያለው። ዲግሪውን ሳጥን ውስጥ አስቀምጦ ወደ ደቡብ አፍሪካ የሄደውስ? ቤተሰቦቿ ጋ ተመልሳ ሥራ የምትጠብቀዋስ? እነሱ መጠይቁን አይሞሉም። እኛ ደግሞ በመለሱልን ሰዎች ብቻ አስልተን «አብዛኞቹ ምሩቃኖቻችን በሥራ ላይ ናቸው» እንላለን። በዚያ ቁጥር ላይ ተመሥርቶ የትምህርት ክፍል ይከፈታል፣ ሌላው ይታጠፋል፤ የነገ ልጆችም በዚያው ይመዘገባሉ።

ስለዚህ ማኅበራችንንም መምህራኖቻችንንም የምለምነው ይህን ነው። ከዛሬ ጀምሮ በምናወጣው ማንኛውም መጠይቅ ከመቶኛው ጎን ሦስት ቁጥር ይጻፍ፦ ስንት ተጠየቀ፣ ስንት መለሰ፣ የመለሱት በቦታና በጾታ እንዴት ይከፋፈላሉ። አንድ መስመር ነው፤ ብዙ ቀለም አይጨርስም። እናንተም ዝም ያሉትን የክፍል ጓደኞቻችሁን ደውላችሁ ፈልጉልን። የእነሱ መልስ ውጤታችንን ዝቅ ያደርገው ይሆናል፤ ያደርገው! ዝቅ ያለ እውነተኛ ቁጥር ይዘን ነው የሚሻሻለውን የምናውቀው።

ያንቀላፋችሁም ካላችሁ፣ ከስንት ስንት እንደሆናችሁ ከሻይ በኋላ እንቆጥራለን።