ቶቢ ለምን ጠፋ?

ዛሬ ስለ አንድ የልጆች መጽሐፍ እናወራለን። ስሙ «ቶቢ ታይለር» ነው። ጄምስ ኦቲስ የሚባል አሜሪካዊ ጽፎት እ.ኤ.አ. በ1881 ታተመ።

ቶቢ ወላጆቹን አያውቅም። ያሳደጉት አጎቴ የሚላቸው ዳንኤል የሚባሉ ሰው ናቸው። ሰውየው ክፉ አይደሉም። ግን የሚበላውን ይቆጥሩበታል፤ ከሥራህ መብላትህ ይበልጣል ይሉታል።

አንድ ቀን ሰርከስ መጣ። ሰርከስ ማለት አውሬና ፈረስ ይዞ፣ ድንኳን እየተከለ፣ ከከተማ ከተማ እየዞረ ትርኢት የሚያሳይ ቡድን ነው። እዚያ ለውዝና የሎሚ ውሃ የሚሸጥ ሰው ልጁን አባበለው። ቶቢም በሌሊት ጠፍቶ ሄደ።

ሰርከሱ ከፊት ሲያዩት ሳቅና ጨዋታ ነው። ከኋላው ግን ሌላ ነው። ቶቢ ቀን ይሸጣል፤ ሌሊት በጋሪ ይጓዛል። ጌታው ይገርፈዋል። እንደ ጋሪ ነጂው ቤን ያሉ ደግ ሰዎችም አልጠፉም። የልብ ወዳጁ ግን አቶ ስታብስ የሚለው ሽማግሌ ጦጣ ነበር።

ከ10 ሳምንት በኋላ ቶቢ ጦጣውን ይዞ አመለጠ። በመንገድ ላይ አንድ አዳኝ ሳያውቅ ጦጣውን ተኩሶ ገደለው። ልጁ እያዘነ ቤቱ ገባ። አጎቱም በፍቅር ተቀበሉት።

እኛስ ምን እንማራለን? ቶቢን ከቤት ያስወጣው ሰርከሱ ብቻ አይደለም፤ በማዕድ ላይ የሰማው ቃል ነው። ልጅ የበላው እህል ሲቆጠርበት ዓይኑ ወደ ውጭ ይሄዳል። ውጭ የሚጠብቀው ደግሞ ሁልጊዜ ደግ ሰው አይደለም። ዛሬ ማታ መሶቡ ሲቀርብ ይህን እናስብ።